ከፍቺ በኋላም ወላጆች ናቸው፤ የቤተሰብ ጉዳይ ለምትይዙ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሕግ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ስትወጡ አንዳንዶቻችሁ ቢሮዬ ትመጣላችሁ። «በየትኛው ዘርፍ ብንሠራ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። ከጥያቄው ጀርባ «የትኛው ያበላል?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ነውር የለውም፣ እንጀራ ነው። የንግድና የኮንስትራክሽን ጉዳይ የተሻለ ይከፍላል። የቤተሰብ ጉዳይ ግን ጎንደር ውስጥ ሥራ ጠፍቶበት አያውቅም፤ የሚጠፋው ከልቡ የሚይዘው ሰው ነው። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚሁ ስለሆነ ስለሱ ልጻፍላችሁ።

ሥራ የጀመርኩት በወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኜ ነው። በኋላ ፈቃድ አውጥቼ ወደ ጥብቅና ገባሁ። ያኔ እንሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ያ ሕግ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነው ይል ነበር። ወንድ በ18 ዓመቱ፣ ሴት ደግሞ በ15 ዓመቷ ማግባት ይችሉ ነበር። የፍቺን ጉዳይ መጀመሪያ የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ለፍቺ «ከባድ ምክንያት» ተብለው የተቆጠሩት እንደ ዝሙትና ቤት ጥሎ መጥፋት ያሉት ናቸው፤ ዱላ ከቁጥሩ አልገባም። ከባድ ምክንያት ሳይኖረው ፍቺ የጠየቀ ሰው ከንብረቱ ሊቀጣ ይችል ነበር። ስለዚህ የተደበደበች ሴት «ፍቺ ከጠየቅሁ ባዶ እጄን እቀራለሁ» ብላ ዱላውን ችላ ትቀመጣለች። እንዲህ ያሉ ብዙ አይቻለሁ።

ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንድና ሴት ሲጋቡም፣ በትዳር እያሉም፣ ሲፋቱም እኩል መብት አላቸው አለ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ወጣ። የእኛው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79 በ1995 ተከተለ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ተሰጠ። ፍቺ ለማግኘት የሌላውን ጥፋት የግድ ማስረዳት ቀረ። ለእናንተ አብሯችሁ ያደገ ሕግ ስለሆነ ቀላል ነገር ይመስላችሁ ይሆናል። ሁለቱንም ዘመን በችሎት ላየ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

በተለይ የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። ጥፋት ማስረዳት ካላስፈለገ ስድብ የሞላበት አቤቱታ ለምን ይጻፋል?

አገራችን የሙግት አገር ናት። አያቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲከራከሩ ሕዝብ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ያ ወግ ደማችን ውስጥ አለ፤ እኔም እወደዋለሁ። በመሬት ድንበርና በብድር ክርክር አንደበት ይጠቅማል። በቤተሰብ ጉዳይ ግን ዛሬ የተረታው ሰው ነገም የልጁ አባት ነው፤ የተረታችውም የልጇ እናት ናት። ልጁ ሲታመም ሆስፒታል በር ላይ ይገናኛሉ። ሲመረቅ አንድ ፎቶ ላይ ይቆማሉ። ልጅቱ ስትዳር ሽማግሌ የሚመጣው ወደ ሁለቱም ነው። ጠበቃው የሚጽፈው እያንዳንዱ መስመር እነዚህን ቀኖች ማሰብ አለበት። ለእናንተ ያለኝ ዋናው ቃል ይኸው ነው።

አንድ አባት አቤቱታውን ሌላ ቦታ አስጽፎ ይዞልኝ መጣ። «ተጠሪ ምግባረ ብልሹ ስትሆን ልጁም ከእኔ ስለመወለዱ እጠራጠራለሁ» የሚል መስመር አለበት።

«እውነት ትጠራጠራለህ?» አልኩት።

«ኧረ በጭራሽ ጋሼ! ቁርጥ እኔን ነው። ጸሐፊው ነው፤ እንዲህ ካልተባለ ነገሩ አይከብድም ብሎኝ።»

ያ ወረቀት መዝገብ ውስጥ ይገባል። መዝገብ ደግሞ ይቀመጣል፤ ልጁ አድጎ ሊያነበው ይችላል። መስመሩን ሰረዝነው። ከዚያ በትክክል ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። ልጁ ቅዳሜና እሁድ እሱ ዘንድ እንዲያድር ነው። ለዚህ ሁለት መስመር በቃው።

ስለ ልጆች ካነሳን፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (በመጨረሻ ፍርድ ላይ የተሠራን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የሰጠውን ውሳኔ ሳታነቡ ችሎት እንዳትቆሙ። እናቷ የሞተችባትን ልጅ አክስቷ አሳድጋታለች። አባት ለረጅም ዓመታት ዞር ብሎ አላያትም፤ በኋላ መጥቶ ሞግዚትነቱ በሕግ የእኔ ነው አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች አባት መሆኑን ብቻ አይተው ሰጡት። ሰበር ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረ። መታየት ያለበት የልጅቱ ጥቅም ነው አለና ልጅቱን ከአክስቷ ጋር አቆያት። የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ ስለሚያስገድድ ይህ ውሳኔ እዚህ እኛ ዘንድም ይሠራል። እኔ ግን ከሕግነቱ በላይ እወደዋለሁ። ወላጅነት መብት ብቻ ሳይሆን የተሠራ ሥራ መሆኑን ያሳያል።

አሁን ወደ ቢሮ ሥራችን እንምጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ባለጉዳይ መጀመሪያ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ነገሩን ከመጨረሻው ይጀምረዋል፤ ትናንት ማታ ከተጣሉበት። አታቋርጡት። እስክሪብቶ ሳታነሱ አዳምጡ። ሲጨርስ ወረቀት ጠይቁ።

ከደንቢያ የመጡ አንዲት እናት «ምንም ማስረጃ የለኝም ልጄ» ብለውኝ ያውቃሉ። እጃቸው ላይ ፌስታል አለ። ጠረጴዛዬ ላይ እንዲዘረግፉት ለመንኳቸው። የልጆቹ የክትባት ካርድ ወጣ። የእቁብ ደብተር ወጣ። በላስቲክ የተጠቀለለ የሰማኒያ (የጋብቻ ውል) ወረቀት ወጣ፤ አንዱ ጥግ በአይጥ ተበልቷል፣ የምስክሮቹ ስም ግን ይነበባል። ከሁሉም ሥር የመሬት ደብተሩ ነበር፤ የሳቸውም የባላቸውም ስም በጋራ ሰፍሮበታል። እኚህ እናት ሙሉ መዝገባቸውን ተሸክመው ነው የመጡት፤ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

ይህን ከገጠር የተወለዳችሁ ሁሉ ለእናቶቻችሁ ንገሩልኝ። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት፣ የግል ነው የሚል ወገን ካላስረዳ በስተቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ቤቱ በባል ስም ቢሆንም፣ ባጃጁ በባል ስም ቢሆንም ግምቱ ያው ነው። ሚስት ደመወዝ ስለሌላት ድርሻ የላትም የሚባል ነገር የለም። ለማግባት የምታስቡ ወጣቶችም አንድ ነገር ስሙ። ከጋብቻ በፊት ያፈራችሁት ካለ በጋብቻ ውላችሁ ላይ አስፍሩት። ጋብቻችሁን በቤተ ክርስቲያንም ፈጽሙት፣ በኒካህም ፈጽሙት፣ በባህልም ፈጽሙት፣ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የ2004ቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ይህን ግዴታ አድርጎታል። በፍቅር ሰዓት ስለ ወረቀት ማውራት ደስ አይልም፤ ግን ለሁለታችሁም ይበጃል።

በእኛ አካባቢ ከሌላው በላይ የሚያደክመኝ የመተማው ጉዳይ ነው። ሰውየው ለሰሊጥ ሥራ ይወርዳል። አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት ይመላለሳል። ከዚያ ይቀራል። እዚያው ሌላ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ይወልዳል። ላይ አርማጭሆ ወይም ጭልጋ የቀረችው ሚስት ፍቺ አልተፈጸመላትም፣ ባልም የላትም። ዓመታት አልፈው ሰውየው ሲሞት ሁለቱ ሴቶች በወራሽነት ክርክር ይገናኛሉ። ሰበር ሰሚ ችሎቱ ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ሕይወት ከመሠረቱ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ባይኖርም ትዳሩ እንደፈረሰ ሊቆጠር ይችላል ብሏል። ይህ ለአንዷ መዳኛ ሲሆን ለሌላዋ መጥፊያ ይሆናል። መቼ ተለያዩ? እሷ ሌላ ሕይወት መሥርታለች ወይስ ስትጠብቀው ኖረች? ንብረቱ የተገኘው መቼ ነው? መልሱን የምታገኙት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤት፣ ከእድር ዳኛና ከግብር ደረሰኝ ነው። ሁለተኛዋንም ሴት እንደ ጠላት አትዩአት። ብዙ ጊዜ «ሚስቴን ፈትቻለሁ» ተብላ የገባች ናት።

አቤቱታ ባስገባችሁበት ቀን ጊዜያዊ ትዕዛዝ መጠየቅን አትርሱ። ወጣት ጠበቆች ፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን አሳምረው ይጽፉና ይህን ይዘሉታል። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹ ማን ዘንድ ይቆያሉ? ቀለብ ማን ይሰጣል? ከቤት መውጣት ያለበት ማን ነው? ንብረቱን ማን ይጠብቃል? ፍርድ ቤቱ ይህን ወዲያው መወሰን ይችላል። ቀጠሮ ይረዝማል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ይብሳል። ልጅ ግን በየቀኑ ይበላል።

ሽምግልናን አትናቁ። የጎንደር ሽማግሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚያረግበውን ነገር ችሎት በዓመት አያረግበውም። የነፍስ አባትም እንደዚሁ። ሕጉም ለዚህ ቦታ ሰጥቷል፤ ዳኛው ባልና ሚስቱን ያነጋግራል፣ ወደ ሽማግሌ ሊልካቸው ይችላል፣ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ዱላ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ድብደባ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው። ዓይኗ ያበጠ ሴት ቢሮ ስትመጣ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ፖሊስ፣ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት ነው መንገዱ። «ታረቂ» የሚል ዘመድ ተከትሏት ከመጣ ውጭ እንዲቆይ በትሕትና ጠይቁትና ለብቻዋ አነጋግሯት። በዚህ ላይ ለማንም ይሉኝታ አያስፈልግም።

ስምምነት ላይ ከደረሱላችሁ ደግሞ ውሉን በጥንቃቄ ጻፉ። እዚህ ላይ ነው የጠበቃ እውቀት የሚታየው። «አባት ልጆቹን በሚመች ጊዜ ይጎበኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጠብ መዝራት ነው። ለማን ነው የሚመቸው? ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚረካከቡበትን ቦታ ጻፉ። ገና ከእናት ከሆነ ፋሲካ ከአባት ይሁን። ለጥምቀት ልጁ ከማን ጋር ነው የሚወጣው? ከተማችን ውስጥ ሁለት ወላጆች በዋዜማው በጥር 10 ልጅ ሲጓተቱ ማየት ያማል፤ አንድ መስመር ቢጻፍ ይቀር ነበር። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ ሕክምና፣ አንዱ ወላጅ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ቢሄድ የሚሆነው፣ ሁሉንም አንሱ። ሁለቱ ሲሰለቹ እናንተ አትሰልቹ። የማይስማሙበትን ዛሬ እናንተ ፊት ቢያወጡት ይሻላል።

ገንዘብ የሌላቸውንም ያዙ። የ1992ቱ የፌዴራል የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ አገልግሉ ይላል። ሰዓቱን ቆጥራችሁ ባትገድቡት ደስ ይለኛል። ቀለብ የምትጠይቅ ሴት ለጠበቃ የምትከፍለው ካላት ቀለብ አትጠይቅም ነበር።

ፍርዱ ሲሰጥ ብዙ ጠበቃ ፋይሉን ይዘጋል። እናንተ አትዝጉት። የቀለብ ውሳኔ በራሱ ዳቦ አይሆንም። አባት የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲገባ ለመሥሪያ ቤቱ ትዕዛዝ እንዲጻፍ ጠይቁ። ነጋዴ ወይም ሹፌር ከሆነ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በውሳኔው ላይ እንዲሰፍር አድርጉ፤ በእጅ ተሰጠ፣ አልተሰጠም የሚል ክርክር ይቀራል። ኑሮ ሲወደድ ወይም ገቢ ሲቀየር ቀለቡ እንዲሻሻል መጠየቅ እንደሚቻል ለባለጉዳይዋ እናት አስቀድማችሁ ንገሯት። ከዚያ በሁለተኛው ወር ስልክ ደውሉላትና ብሩ ገብቶ እንደሆነ ጠይቋት። ካልገባ ፍርዱ በግድ እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን የአፈጻጸም መዝገብ በዚያው ሳምንት ክፈቱላት።