የታሪክ ምሩቅ ለብድር ሥራ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል የብድርና ቁጠባ ተቋም የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። ስድስት ጀማሪ የብድር ባለሙያዎች በ0 ዓመት ልምድ ልንቀጥር ነው። ሥራ አስኪያጃችን «አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንት፤ በቃ» ይላሉ። እኔ ታሪክና ሥነ ልሳን የተማሩ ልጆችም ቢወዳደሩ እወዳለሁ፤ ማሳመኛ ግን አጣሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኔም እንደ ሥራ አስኪያጅዎ ነበርኩ። ሰው በመቅጠር ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ስቆይ ማስታወቂያዬን የምዘጋው «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» እያልኩ ነበር። ታሪክ አንድ ቀንም ተዛምዶልኝ አያውቅም።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የአንድ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ነው። ለፈተና አቀረብኩትና «ለዚህ ሰው ታበድራላችሁ?» አልኩ። አካውንቲንግ የተማሩት ድምሩን ወዲያው አወጡት፤ ልክም ነበር። አንዲት የታሪክ ምሩቅ ግን ገጾቹን ስታገላብጥ ቆየችና «ይህ መቼ ነው የተጻፈው?» አለችኝ። የስድስት ወር ዱቤ በአንድ እስክሪብቶ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት፣ የዘይት ጠብታ እንኳ ሳይነካው! ባለሱቁን ብንጠይቀው ለእኛ ብሎ በአንድ ሌሊት የገለበጠው ነው፤ ዋናው ደብተር ሌላ ነበር። ልጅቱ በአሮጌ ሰነድ ላይ የለመደችውን ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

ሒሳብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ያቺው ልጅ ዴቢትና ክሬዲት እስክትለይ ድረስ አሳሬን አብልታኛለች።

ለሥራ አስኪያጅዎ ይህን ይንገሩልኝ፦ ብዙ ተማሪ ታሪክም ሆነ ሥነ ልሳን የሚገባው በምደባ ነው፤ ሒሳብ ጠልቶ ላይሆን ይችላል። ከተጠራጠሩ የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ውጤቱን ይዩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜም አለላችሁ።

ማስታወቂያው ላይ ግን «በማንኛውም መስክ» ብለው እንዳይጽፉ። ማመልከቻ ያጥለቀልቅዎታል፤ የሚፈልጉት ልጅ ደግሞ ለይስሙላ የተጻፈ መስሎት ያልፈዋል። መስኩን በስሙ ይጥሩት፦ ታሪክ፣ ሥነ ልሳን፣ ጂኦግራፊ፣ ሶሲዮሎጂ። ከስድስቱ ቦታም ሁለቱን ብቻ ይለምኑ። ስድስቱንም ቢጠይቁኝ ኖሮ እኔም እምቢ እል ነበር።