የአእምሮ እድገት ውስንነትና ነርስነት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄዎቻችሁ ከጠበቅሁት በላይ ስለበዙ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። የልጃችሁን የመድኃኒት መጠን የጠየቃችሁኝ ግን፣ ልጁን ሳላይ አልመልስም፤ አትቀየሙኝ።

የ3ኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ፦ ሲስተር፣ ለአእምሮ እድገት ውስንነት ብቻ የሚሠለጥን ነርስ በእውነት አለ? የሳይካትሪ ነርስ አይበቃም ወይ?

አለ። ብሪታንያ ውስጥ ነርስ የሚሠለጥነው ከአራት መስኮች በአንዱ ነው፦ በአዋቂዎች፣ በሕፃናት፣ በአእምሮ ጤና ወይም በአእምሮ እድገት ውስንነት። አየርላንድም ለብቻው ታስተምረዋለች። እኛ ጋ ሳይካትሪም የሕፃናት ነርሲንግም በዲግሪ አለ፤ ይኼኛው ግን ራሱን ችሎ አልቆመም። የሳይካትሪ ነርስ ዋና ሥራው ሕመም ነው፤ ሕመም ይጀምራል፣ ይሻላል፣ ያገረሻል። የእድገት ውስንነት ግን የመማርና ነገርን የመረዳት ችግር ሆኖ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚኖር ነው፤ የሚያድነው ክኒን የለም። ስለዚህ የነርሷ ትግል በእሱ ሰበብ ሌላው ሕክምና እንዳይቀር ነው።

አንዲት ማትሮን፦ ዎርዳችን በሰው እጥረት ተይዞ አዲስ ስፔሻሊቲ ቅንጦት አይሆንም?

ማትሮን፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ እጥረቱን በአዳር ተረኝነት እኔም አውቀዋለሁ። ቅንጦት ነው ግን አልልም። እንግሊዝ ውስጥ የእድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሞት ለብቻ ተመዝግቦ ሲመረመር፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 20 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ታይቷል። ከሚገድሏቸው ውስጥ የሳንባ ምችና የሚጥል በሽታ አሉ፤ ችላ የተባለ የሆድ ድርቀት እንኳ አለበት። (ይህን ስናገር ተማሪዎች ይስቃሉ። የተዘጋ አንጀት ያየ አይስቅም።) ታካሚው ሕመሙን በቃል አይናገርም፤ ባለሙያው ደግሞ ያየውን ሁሉ በውስንነቱ ያሳብባል።

አንድ ወጣት ትዝ ይለኛል። ትሪያጅ (ታካሚ እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለይበት ቦታ) ላይ ቁጭ ብሎ ጉንጩን በመዳፉ ይመታል። ካርዱ ላይ "የሚረብሽ" ተብሎ ተጽፏል፤ ማረጋጊያ እንዲወጋም ታስቦ ነበር። ባልደረባዬ እናቱን "መቼ ጀመረው?" አለቻቸው። "ከማክሰኞ ወዲህ ነው፤ በግራ በኩልም አያኝክም" አሉ። በስልኳ መብራት አፉን ስታይ የታችኛው ድዱ አብጦ መግል ቋጥሯል። ጥርሱ ተነቀለ፣ መምታቱም ቆመ። ያስፈለገው "ባህሪው ከመቼ ጀምሮ ተለወጠ?" ብሎ የመጠየቅ ልማድ ብቻ ነበር። ዝም እንዲሉ ሲባል ማረጋጊያ መስጠት የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2016 ስቶምፕ የሚባል ዘመቻ የጀመሩት ለዚሁ ነው።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ ከየት እንጀምር? ዩኒቨርሲቲው ዲፓርትመንት እስኪከፍት እንጠብቅ?

አትጠብቁ። ከዲፓርትመንቱ ይልቅ የሚከብደው የሥራ መደቡ ነው። ሠልጥኖ የሚቀመጥበት መደብ የሌለውን ነርስ ብዙም ሳይቆይ ድንገተኛ ክፍል ተመድቦ ታገኙታላችሁ። እንግሊዝን እዩ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 አራቱ የብሪታንያ አገሮች ይህን ሙያ ለማጠናከር የጋራ ሰነድ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ እንግሊዝ ለአዲስ የነርሲንግ ተማሪዎች የምትሰጠውን ድጎማ አነሳች። ወደዚህ መስክ ብዙ የሚመጡት በዕድሜ በሰል ያሉ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ተማሪዎች ነበሩና ቁጥራቸው አሽቆለቆለ፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርቱን ዘጉ። ሰነዱ ጥሩ ነበር፣ በጀቱ ግን ሌላ መንገድ ሄደ።

እኔ ብጠየቅ፣ በባሕር ዳሮቹ ሆስፒታሎች፣ በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን፣ አንድ አንድ ተጠሪ ነርስ በደብዳቤና በሥራ ዝርዝር ይመደብ እላለሁ። ታካሚውን ከካርድ ክፍል እስከ ዎርድ ትከታተላለች፤ ሌሎቹን ነርሶች በሥራ ላይ ታሠለጥናለች። ለመነሻ ኤምኤችጋፕ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ሕክምና መመሪያ አለ፣ የእድገት ችግሮችንም ይዟል። ኃላፊ ቢሮ ስትገቡ ደግሞ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችውን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ያዙ፤ አንቀጽ 25 ለእነሱ የሚሰጠው ሕክምና በጥራት ከሌላው እንዳያንስ ያዛል።

እናት፣ ከዘጌ፦ ልጄ ትልቅ ሴት ናት። ነጭ ጋዋን ስታይ ትጮኻለች፤ ደም ለመውሰድ ሰዎች ይይዙልኛል። ምን ላድርግ?

እናቴ፣ አስገድዶ መያዝ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ አንዴ ከተያዘች በሚቀጥለው ጊዜ ከበር አትገባም። መጀመሪያ በቅርብዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ መርፌ በሌለበት ቀን ይውሰዷት፤ ቁጭ ብላ አይታ ትመለስ። ነርሷ ጋዋኗን እንድታወልቅ ይለምኗት፤ አይከፋትም። የደም ግፊት መለኪያው በፊት በእርስዎ ክንድ ይታሰር፣ ልጅዎ ፊኛውን ትጭመቅ፣ ሲነፋና ሲተነፍስ ትስማ። ከዚያ በእሷ ክንድ ይታሰር፣ ሳይነፋ። እሺ ካለች ይነፋ፤ እምቢ ካለች ለዛሬ በቃ።

ሌላው፣ አንድ ወረቀት አስጽፈው ይያዙ፦ ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደሚያስፈራት፣ ሲያማት ምን እንደምታደርግ፣ የምትወስደው መድኃኒት። እንግሊዞች የሆስፒታል ፓስፖርት ይሉታል፤ ለእኛ ከደብተር የተገነጠለ ገጽ ይበቃል። በጀልባ መጥታችሁ ካርድ ክፍል ፊት ቀትር እስኪሆን ከመሰለፍ ደግሞ ወረቀቱን ለትሪያጅ ነርስ አሳይተው ቅድሚያ ይጠይቁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ ቤተሰቡ ልጁን ጸበል ወስደው የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን አቋረጡ። ምን ልበላቸው?

ጸበሉን አትንኪባቸው፤ ከነካሽው የሚርቁት ከአንቺ ነው። ንገሪያቸው የምልሽ እንደ ፌኖባርቢታል ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ማባሪያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሊገድል እንደሚችል ነው። የንስሐ አባታቸውን አግኝተሽ አስረጂ፤ እሳቸው "መድኃኒቱንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው" ካሉ የአንቺ ሥራ አለቀ። ጣና ዳር ለምትሠሪው አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህ ልጅ ብቻውን አይዋኝ፣ ታንኳ ላይም ብቻውን አይውጣ። የእድገት ውስንነት ካለባቸው ከአምስቱ አንዱ ገደማ የሚጥል በሽታ ስላለበት፣ በቀበሌሽ ያሉትን ሁሉ ጠይቂ።

የልዩ ፍላጎት መምህር፦ ትምህርት ቤት ምን ይከታተል?

ጆሮና ዓይን አስቀድመው ይታዩ፤ "አይገባውም" የተባለ ልጅ የማይሰማ ሊሆን ይችላል። ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ የእድገት ውስንነት ዓይነት) ካለበት ልቡና ታይሮይዱ (የአንገት እጢው) ይመርመሩ። ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ነው የሚወለዱት።

አባት፦ መከላከል ይቻላል?

ከፊሉን። የአዮዲን እጥረት አንዱ መንስኤ ነው፤ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። አዮዲኑ እንዳይጠፋ ጨዉን ከድናችሁ አስቀምጡ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ወሊድ በጤና ተቋም ይሁን፤ ምጥ ሲረዝም ሕፃኑ ሊታፈንና አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል።

ያው ተማሪ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ይጠቁሙኝ።

ካርድ ክፍል ፈቃድ ጠይቀህ ግባና የእነዚህን ልጆች ካርድ አውጣ። በስንቱ ላይ ክብደት ተጽፏል? የልጆች መድኃኒት በኪሎ ነው የሚሰላው፤ "ሚዛን ላይ አልቆም አለ" ተብሎ የሚታለፍ ልጅ መጠኑ በግምት ይታዘዝለታል። ስታገኘው ላክልኝ።