ከ11ኛው እርምጃ በኋላ፦ ለወጣት የቼዝ ተጫዋቾች

ውድ ወጣቶች፣

በአሠልጣኝነት ዘመኔ ደጋግሜ የታዘብኩት፣ ብዙዎቻችሁ የስፔን አጀማመር የሚባለውን የጨዋታ አከፋፈት እስከ 15ኛውና 20ኛው እርምጃ ድረስ እንደ ዳዊት ትደግሙታላችሁ፤ ተጋጣሚያችሁ ከለመዳችሁት መስመር ፈቀቅ ያለ እንደሆነ ግን ምን እንደምትፈልጉ ይጠፋችኋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1918 በኒው ዮርክ ውድድር ኩባዊው ካፓብላንካ (በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው) በነጭ፣ አሜሪካዊው ማርሻል በጥቁር የተጫወቱትን ጨዋታ፣ የኮምፒዩተሩን ግምገማ ዘግታችሁ በሰሌዳ ላይ እንድታዩት እመክራለሁ።

ማርሻል በ8ኛው እርምጃ ወታደሩን ወደ ዲ5 (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል) ገፍቶ የኢ5 ወታደሩን ለመሥዋዕትነት አቀረበ፤ ዛሬ የማርሻል ጥቃት የሚባለው ይህ ነው። (ሐሳቡን ለካፓብላንካ ሲል ለዓመታት ደብቆ አቆይቶታል ይባላል፤ ወሬው ይጥማል እንጂ እኔ ብዙም አላምነውም።) ካፓብላንካ ወታደሩን በላ። 11ኛው እርምጃ ላይ ቆም ብላችሁ ሰሌዳውን ብትመረምሩ፣ ነጭ በአንድ ወታደር ይበልጣል፤ ነገር ግን በንግሥቲቱ በኩል ያሉት ግንቡ፣ ፈረሱና ጳጳሱ ከመነሻቸው ንቅንቅ አላሉም። ጥቁር በወታደሩ የገዛው ጊዜ ነው፤ ይህ የገባው ሰው ቀጣዩን እርምጃ ባያስታውስም፣ ነጭ ጥቃቱን እየመከተ የተኙትን ጠጠሮች ማውጣት እንዳለበት ያውቃል።

ካፓብላንካም ያደረገው ይህንኑ ነው። በ14ኛው እርምጃ ጂ4 ላይ የመጣውን ፈረስ ቢበላ የጥቁር ንግሥት ኤች4 ላይ ወጥታ ንጉሡን ታስጨንቀው ነበርና፣ ፈረሱን ትቶ ንግሥቱን ኤፍ3 ላይ አቆመ። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ግን 21ኛው ነው፦ የነጭ ንጉሥ ኢ2 ላይ ተጋልጦ፣ የጥቁር ንግሥት ኤች1 ጥግ ድረስ ዘልቃ ገብታ ሳለ፣ እርሱ ጳጳሱን ብቻ ዲ2 ላይ አወጣ። ተራ እርምጃ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ንጉሡ በዲ3 አልፎ ሲ2 ላይ ተጠለለ፤ ነጭም በንግሥቲቱ በኩል ወታደሮቹን እየገፋ በ36 እርምጃ አሸነፈ።

ይህ ሽንፈት አጀማመሩን አልገደለውም። ማርሻል በ11ኛው እርምጃ ፈረሱን ወደ ኤፍ6 መልሶ ነበር፤ በኋላ የመጡት ተጫዋቾች ግን ወታደሩን ሲ6 ላይ አድርገው ፈረሱን በመሐል ዲ5 ላይ አጸኑት፤ ዛሬም ብዙ የነጭ ተጫዋቾች በ8ኛው እርምጃ ኤ4 ወይም ኤች3 ተጫውተው ጥቃቱን ከወዲሁ ይሸሹታል። እንግዲህ ሁለቱን 11ኛ እርምጃዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና፣ ሲ6 ለምን እንደተሻለ በራሳችሁ አነጋገር አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ 12ኛውን የምታጠኑት ያን ጊዜ ነው።