ዱባይ ላይ ቤት እንግዛ ወይስ በኪራይ እንቀጥል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለባለ አንድ መኝታ በዓመት 60 ሺህ ድርሃም ትከፍላላችሁ፣ ትንሽ ጥሪትም አላችሁ። ባለቤትሽ ደግሞ «ለሰው ከምንገፈግፍ የ700 ሺህ ድርሃሟን ቤት እንግዛ» ይላል። እኔ ዱባይ ለዓመታት ተከራይቼ ኖሬ በኋላ ኢንተርናሽናል ሲቲ፣ ረከስ ካሉት የዱባይ ሰፈሮች አንዱ ላይ፣ ገዝቻለሁ። ሁለቱንም ስለማውቃቸው ልንገርሽ።

ባንክ ለውጭ ዜጋ የመጀመሪያ ቤት በዚህ ዋጋ ቢበዛ 80 በመቶ ነው የሚያበድረው። 140 ሺው ከኪሳችሁ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መቁጠር ያቆማል። ግን ከቤቱ ዋጋ ለመሬት መምሪያው 4 በመቶ አለ፣ ለደላላው 2 በመቶ አለ፣ የብድር ምዝገባው፣ የቤቱ ዋጋ ግምት፣ የስም ዝውውሩ አለ። ሲደመር ወደ 50 ሺህ ይጠጋል። ይሄኛው ገንዘብ ቤት አይሆንም፣ ሄደ በቃ። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ደግሞ የመምሪያውንና የደላላውን ክፍያ ከብድሩ ጋር ማጠቃለል ስለቀረ በእጃችሁ መያዝ አለባችሁ።

560 ሺህ ለ25 ዓመት፣ ወለዱ 4.5 በመቶ ቢሆን፣ በወር 3,100 ገደማ ነው። ከኪራያችሁ በደንብ ያንሳል። ባለቤትሽ ያየው ይህንን ነው፣ አልፈርድበትም። ሰርቪስ ቻርጁን፣ ማለትም ለሕንፃው የጋራ ጥገናና አገልግሎት የሚከፈለውን፣ ግን ጨምሩበት። ቤቱ 700 ካሬ ጫማ ቢሆንና በካሬ ጫማ 15 ድርሃም ቢጠየቅ፣ በዓመት 10,500 ነው። ኤሲ ሲበላሽም አከራይ የለም። ወለዱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ዓመት ብቻ ነው የሚጸናው፣ ከዚያ ከገበያው ጋር ይወጣል ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ተቆጥሮም ሒሳቡ ወደ መግዛቱ ያዘነብላል። እኔን የሚያሳስበኝ ቪዛው ነው። የአብዛኞቻችን ቪዛ ከሥራችን ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ሲቀር ቪዛውም ይቀራል፣ የባንኩ ክፍያ ግን አይቀርም። የ2 ሚሊዮን ድርሃም ቤት ያለው ከሥራ ጋር ያልታሰረ የ10 ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጎልደን ቪዛ የሚሉትን፣ ሊያገኝ ይችላል። የ700 ሺህ ቤት እዚያ አያደርስም። «ከቸገረን እንሸጣለን» የሚለውም ብዙ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ዋጋ ወደቀ፣ ከ2014 እስከ 2020 ደግሞ ቀስ እያለ ሲወርድ ከረመ።

ስለዚህ ይህን ጠይቁ፦ ነገ ወደ አገር ቤት ወይም ወደ ካናዳ ብትሄዱ፣ የተከራይ ገንዘብ የባንኩንና የሰርቪስ ቻርጁን ይሸፍናል ወይ? ከሸፈነ ግዙ። ካልሸፈነ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት። እኔ ኢንተርናሽናል ሲቲን የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ ለውበቱማ የባሕር ዳሩን ማሪና ማን ይጠላል! ገና በመሠራት ላይ ያለ ቤት ደግሞ ለእናንተ አልመክርም፤ እስኪያልቅ ኪራይም ክፍያም አንድ ላይ ትከፍላላችሁ። አዲስ አበባ ላይም ቤት ጀምራችሁ ከሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ደመወዝ አትሞክሩት።

ኪራይም እንደሚወራው ዋስትና የሌለው አይደለም። አንድ አከራዬ ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁና ልቀቂ ብሎ በዋትስአፕ ጻፈልኝ። አልወጣሁም። ሕጉ በኖተሪ ወይም በአደራ ደብዳቤ የ12 ወር ማስጠንቀቂያ ይላል። ኪራይ ለመጨመርም ውሉ ከማለቁ 90 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፣ የጭማሪውም ጣሪያ አለው። ይህ የሚጠቅምሽ ግን ውልሽ ኢጃሪ በሚባለው የመንግሥት የኪራይ ውል መዝገብ ላይ ከተመዘገበ ነው። ከሌላ ተከራይ ላይ ፓርቲሽን (ተከፍሎ የተሠራ ክፍል) ለተከራየ አይሠራም።

ከገዛችሁ በሁለታችሁም ስም ይሁን። ሙስሊም ካልሆናችሁ በዲአይኤፍሲ (የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል) ኑዛዜ አስመዝግቡ። ክፍያው ያስቆጫል፣ ግን አትዝለሉት።

እስቲ የባለቤትሽን ዕድሜና ሌላ ብድር ይኖርበት እንደሆነ ንገሪኝ። ተቀጣሪ ብድሩን እስከ 65 ዓመቱ ጨርሶ መክፈል አለበት፣ የሁሉም ብድር ወርሃዊ ክፍያም ተደምሮ ከደመወዙ ግማሽ ማለፍ የለበትም። ዕድሜው ከ40 ካለፈ 25 ዓመት አይሰጡትም፤ ያኔ 3,100 ያልኩሽ ከፍ ይላል።