ጥያቄና መልስ፦ «ምንም አያመኝም» የሚለው የጉበት ቫይረስ ታማሚ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ጀልባ ይነዳል። ደም ሊለግስ ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ተነገረው፤ ከስድስት ወር በኋላ የተደረገው ምርመራም ያንኑ አረጋገጠ። እሱ «ምንም አያመኝም» ብሎ ክትትሉን ሲተው፣ እናታችን ግን የሚሞትባት መስሏት እንቅልፍ አጥታለች። የእንዲህ ያለ ታማሚ ዕድሜ በምን ይወሰናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እናትዎን ያጽናኑልን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ቫይረሱ ሥር ከሰደደባቸው አዋቂዎች መካከል ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ መጠጠሩ) ወይም የጉበት ካንሰር የሚይዛቸው ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። ወንድምዎ ግን ተሳስቷል። ጉበት እየጠጠረ ለዓመታት ሕመም ላይሰማ ይችላል፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ ውኃ ሲቋጥር ወይም ደም ሲያስታውክ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ርቆ ሄዷል። ስለዚህ ዕድሜን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ጠባሳው በምን ደረጃ ላይ ሳለ ተደረሰበት የሚለው ነው፤ ይህም የሚታወቀው በጉበት ኢንዛይም፣ በፕላትሌት (ደም እንዲረጋ በሚረዱ ሕዋሳት) ቁጥር፣ በደም ውስጥ ባለው የቫይረስ መጠንና በአልትራሳውንድ ነው።

ዕድሜ መግፋት፣ ወንድ መሆን፣ በቤተሰብ የጉበት ካንሰር መኖር፣ ኤች.አይ.ቪ. ወይም ሄፓታይተስ ሲ ወይም ዲ መደረብ አደጋውን ያከብዱታል። በወንድምዎ እጅ ያለው ትልቁ ነገር መጠጥ ነው፤ ጠላም ሆነ አረቄ ጠባሳውን ያፋጥናልና ፈጽሞ ይተወው። ሻጋታ የነካው ለውዝና በቆሎም የካንሰሩን አደጋ ያበዛል። የዘጌን ቡና ግን አይከልክሉት፤ ቡና በሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ የጉበት ጠባሳ አነስ ብሎ እንደሚገኝ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ሥራውም ሊታሰብበት ይገባል። ጀልባውን ዳር ሲያስጠጋ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ የሚቆም ሰው በጣና ዳርቻ ለቢልሃርዚያ የተጋለጠ ነው፤ የዚህ ትል እንቁላልም ያንኑ ጉበት ያቆስላል። በፕራዚኳንቴል የሚታከም ስለሆነ ሥራውን ለሐኪሙ ይንገረው።

ቫይረሱን የሚገታው ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት ለሁሉም ታማሚ አይታዘዝም። ከታዘዘለት ግን በራሱ ፈቃድ አያቋርጠው፤ ቫይረሱ በድንገት አገርሽቶ ጉበቱን ሥራ ሊያስቆም ይችላል። ይኸው መድኃኒት ለኤች.አይ.ቪ.ም ስለሚሰጥ ጎረቤት ያየብኛል ብለው የሚተዉት ሰዎች መኖራቸው እጅግ ያሳዝነናል። «ለወፍ በሽታ» እየተባለ የሚጠጣው ቅጠላ ቅጠልም የተጎዳ ጉበትን ይብስ ሊጎዳ ስለሚችል ይቅርበት። ሲሮሲስ ከተገኘበት ደግሞ ካንሰሩ ገና ሳያድግ እንዲደረስበት በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሣት ይኖርበታል።

ቫይረሱ በጉርሻም ሆነ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያዘው ግን በሕፃንነቱ፣ ከእናቱ ወይም አብረውት ካደጉት ልጆች ነው። ክትባቱ በመደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብር የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁት እርስዎና ሌሎች ወንድምና እኅቶችዎ፣ እናትዎም ጭምር፣ ሕመም ባይሰማችሁም ተመርመሩ፤ ነፃ የሆነ ሁሉ ክትባቱን ይውሰድ።