በኃላፊነት መጫወት ይቻላል ወይ ላልከው ወንድሜ፦ ቦነሱን አትንካ

ትናንት ማታ «ማራኪ አካባቢ እኖራለሁ፣ ደመወዝተኛ ነኝ፣ በስልኬ ኦንላይን ካዚኖ መጫወት ጀምሬያለሁ። ሳልጎዳ በልኩ ለመጫወት ምን ላድርግ? የሚሰጡትን የ500 ብር ቦነስስ ልቀበል?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ ነው የምጽፈው። ብዙዎች «ቁማር ነው፣ ተወው» ብለውሃል። ምክራቸው አይጣልም፤ ጥያቄህን ግን አልመለሱልህም። እኔም ጎንደር የምኖር የወር ደመወዝ ጠባቂ ስለሆንኩ ኪስህን አውቀዋለሁ። የቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ዕቁብ ተጥሎ፣ የቀረችው ገንዘብ ቴሌብር ላይ ተቀምጣ ትታይሃለች። ማታ ደግሞ ስልኩ ከእጅህ አይለይም።

1ኛ. ገደብህን ገንዘቡ ከሚነሳበት ቦታ ጀምር። ካዚኖው ውስጥ የቀንና የወር ገደብ ማበጃ ካለ ሙላው፤ ግን እሱን ብቻ አትመን፤ በንዴት ሰዓት ሄደህ የምትቀይረው አንተው ነህ። እኔ ለጨዋታ ብቻ የተለየ የባንክ ሂሳብ አለኝ። ደመወዜ ወደዚያ አይገባም። ወር ሲገባ ብትጠፋ የማላዝንባትን ገንዘብ አዛውራለሁ፣ ስታልቅ እስከሚቀጥለው ወር አልነካውም። ዕቁብህንና የቤት ወጪህን ሳትከፍል ምንም አታዛውር። ከቴሌብር መላ ብድር ወስደህ ካዚኖ ማስገባት የጀመርክ ዕለት ደግሞ ገደብ የሚባለው ነገር አብቅቷል፤ ያን ጊዜ ምክሬ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው፣ ተወው።

2ኛ. ሒሳቡን ዕወቅ። ስለ አቪዬተር (አውሮፕላኑ ሲወጣ ብዜቱ እያደገ፣ በርሮ ሳይጠፋ ቁልፉን ተጭነህ ገንዘብህን የምታወጣበት ጨዋታ) «97 በመቶ ይመልሳል» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ሰው ይህን ሲሰማ «200 ብር ባስገባ 194 ብሩ ይመለስልኛል» ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ለካዚኖው የሚቀረው 3 በመቶ የሚሰላው ባስገባኸው ገንዘብ ላይ ሳይሆን ባስያዝከው ሁሉ ላይ ነው። 20 ብር እያስያዝክ 300 ዙር ብትጫወት በጠቅላላው 6,000 ብር አስይዘሃል ማለት ነው፤ የዚህ 3 በመቶ 180 ብር ነው፣ በአማካይ የምትከስረው እሱን ነው። አቪዬተር ፈጣን ስለሆነ 300 ዙር የጥቂት ሰዓታት ነገር ነው። አንድ ምሽት ልታሸንፍ ትችላለህ፣ እኔም አሸንፌያለሁ፤ ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ግን ውጤትህ ወደዚያ ሒሳብ ይጠጋል። ሮሌትም (ኳሷ በሚሽከረከረው ጎማ ላይ የትኛው ቁጥር ላይ እንደምታርፍ የሚገመትበት) ያው ነው፦ ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች አሉ፣ አንዱን ቁጥር ብታገኝ ግን ያስያዝከው ተመልሶልህ የምታተርፈው 35 እጥፉን ነው፤ ባጠቃላይ 36 እጥፍ። ካዚኖው የሚበላው በዚያች ልዩነት ነው፤ ማጭበርበር አያስፈልገውም።

«ስትሸነፍ እጥፍ አድርገህ አስይዝ» የሚሉህን አትስማ። በ20 ብር ጀምረህ ስምንት ጊዜ በተከታታይ ብትሸነፍ 5,100 ብር ሄዷል፣ ዘጠነኛው ላይ የምታስይዘው 5,120 ብር ይሆናል፤ ብታሸንፍ የምታተርፈው ያችኑ 20 ብር ነው። ቀይ ወይም ጥቁር እያሉ ሲጫወቱ ስምንት ተከታታይ ሽንፈት በየ200 ሙከራው አንድ ጊዜ ገደማ ይመጣል። ብርቅ አይደለም።

3ኛ. ቦነሱ። ይህን በደንብ አንብበው፣ እኔ ላይ የደረሰ ነው። 500 ብር አስገባሁ፣ 500 ብር ተጨመረልኝ። ማስታወቂያው በአማርኛ ነበር፣ ፊደሉ ከስልኬ ስክሪን ሊወጣ ምንም አልቀረው። ደንቡ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈ፣ ወርደህ ወርደህ የማትጨርሰው። ጨዋታው ቀናኝና ሂሳቤ ላይ 7,300 ብር ደረሰ። ላውጣ ስል «ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል» አለኝ። ምክንያት የለም። በቻት ጻፍኩ፣ መልስ የለም።

ፒያሳ ወዳለው ወኪላቸው ሄድኩ። ደረጃ ወጥተህ ጠባብ ክፍል ውስጥ መስታወት የተከለለ ጠረጴዛ አለ፤ ከኋላው አንድ ወጣት አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ተቀምጧል። ስልኬን በመስታወቱ ቀዳዳ አሳየሁት። ቀና አላለም። «ደንቡ ላይ አለ» አለኝ። የትኛው ደንብ? ስለው «እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም እንዴ?» አለኝ፣ ከኋላዬ ሰልፍ የያዘ ሰው እየሰማ። አባቱ ልሆን የምችል ሰው ነኝ። ገንዘቤን ሲቀበሉኝ ግን እንግሊዝኛ የጠየቀኝ አልነበረም።

እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቦነሱን 30 ጊዜ ማዟዟር አለብህ ይላል፤ 500 በ30፣ 15,000 ብር ማስያዝ ማለት ነው። 96 በመቶ በሚመልስ የስሎት ጨዋታ (ሥዕሎች እየተሽከረከሩ ሲገጥሙ የሚከፍል) ላይ ይህን ብታደርግ በአማካይ 600 ብር ይበላሃል፤ «ስጦታው» ራሱ 500 ነው! በዚያ ላይ ቦነስ እያለ በአንድ ዙር ከ100 ብር በላይ ያስያዘ ሰው ትርፉ ይሰረዛል የሚል አንቀጽ ነበረው። ያንን ሳሳየው ወጣቱ ፈገግ አለ። ከዚያ በላይ አስይዤ ስለነበር 7,300ው በዚህ ቀረ። እኔ ግን አልወጣሁም። ያስገባሁበትን የቴሌብር መልእክት፣ የማስታወቂያውን ፎቶ፣ የቻቱን ቀንና ሰዓት ሁሉ አስቀምጬ ነበርና የገዛ ገንዘቤን የሚሰርዝ አንቀጽ አሳዩኝ ብዬ ያዝኩ። ለኃላፊው ስልክ ተደወለ፣ ተሟገትኩ፣ ፈቃድ ለሰጣቸው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመለክታለሁ አልኩ። በመጨረሻ የራሴን 500 ብር መለሱ። ከዚያ ቢሮ አንድም ብር ይዞ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ እኔ ወጥቻለሁ።

ስለዚህ «ቦነስ አልቀበልም» የሚለውን ምረጥ፤ አብዛኛዎቹ ላይ አለ፣ ደብቀው ነው የሚያስቀምጡት። በምትመዘገብበት ጊዜ ስምህ በመታወቂያህ፣ በባንክህና በቴሌብርህ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ኃይለ ማርያምን አንድ ቦታ አጣብቀህ ሌላ ቦታ ለያይተህ ብትጽፍ እንኳ ለማውጣት ስትሞክር ሰበብ ይሆናል። ብዙ ከማስገባትህ በፊት ትንሽ አስገብተህ ትንሽ አውጥተህ ሞክር። ከውጭ አገር ሆኖ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ድረ ገጽ ላይ ግን አትጀምር፤ ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ሲፈቅድላቸው የኖሩት የውርርድ ቤቶች ቢያንስ የሚከሰሱበት አድራሻ አላቸው፣ ያኛው ጋ የማን በር ታንኳኳለህ?

የእኛን ኔትወርክ ደግሞ ታውቀዋለህ። አቪዬተር ላይ አውሮፕላኑ እየወጣ መስመሩ ቢቋረጥ ቁልፉን መጫን አትችልም፤ ስለዚህ በስንት እጥፍ ላይ በራሱ እንዲያወጣልህ አስቀድመህ ሙላ። ይህ ትርፍህን አያሳድገውም፣ በኔትወርክ ምክንያት ከመናደድ ያድንሃል። ተናድዶ የሚጫወት ሰው ደግሞ ገደቡን አያስታውስም።

ሚስትህ ወይም እናትህ ሲጠይቁህ መጠኑን ቀንሰህ መናገር ከጀመርክ፣ ወይም የጠፋውን ለመመለስ ሌሊት የምትነሳ ከሆነ፣ ሂሳቡን ለዘለቄታው ዝጉልኝ ብለህ ካዚኖውን በጽሑፍ ጠይቅና ማስረጃውን ያዝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ሄዶ ማማከር ነውር የለውም።

የምትጫወትበትን ካዚኖ ስም አልጻፍክም። የቦነሱን ደንብ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ከታች ለጥፈው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም፣ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ድረስ «ተቀበል» የሚለውን አትጫን።