ብሎኑ ተጠብቆም የሚመታው ሲሊንደር

ጥያቄ፦ የብሎኬት ማሽናችንን ጋሪ የሚገፋው የሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ሲሊንደር የውስጥ ስፋቱ 80፣ ዘንጉ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ ወጥቶ ሲጨርስ በኃይል ይመታል። የኩሽኑን (መጨረሻው ላይ ምቱን የሚያለዝበውን ክፍል) ማስተካከያ ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቀነዋል፤ ለውጥ የለም። ጋሪው ከነጭነቱ 600 ኪሎ ነው፣ ግፊቱ 100 ባር። ጭነቱ በዝቶበት ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጭነቱን ለጊዜው እንተወው። ብሎኑ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ሲሊንደሩ አሁንም ከመታ፣ ወይ ዘይቱ በሌላ በኩል እያመለጠ ነው፣ ወይ ኩሽኑ ጭራሽ ሥራ አልጀመረም። ደህና ኩሽን ብሎኑ ሲዘጋበት ፒስተኑ መጨረሻው ሳይደርስ ይቆማል፤ ወይም እየተንፏቀቀ ነው የሚደርሰው።

ፒስተኑ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከፊቱ በዘንጉ ላይ ያለው ወፈር ያለ አንገት ክዳኑ ውስጥ ወዳለው ቀዳዳ ይገባና የዘይቱን ዋና መውጫ ይዘጋል። የታፈነው ዘይት የቀረው መንገድ በማስተካከያ ብሎኑ የሚጠብበውና የሚሰፋው የኒድል ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ዘንጉ ሲመለስ ደግሞ ቼክ ቫልቩ (ዘይት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ተከፍቶ ዘይት እንደ ልብ ያስገባል።

ሲሊንደሩን ከመፍታታችሁ በፊት ሜትር አውጡ። ጋሪው ታስሮ ሲሠራ ዘንጉ ከክዳኑ ምን ያህል እንደሚወጣ ለኩ። ከዚያ ዘንጉን ከጋሪው አላቅቁና ባዶውን በዝግታ እስከ መጨረሻው አስወጥታችሁ እንደገና ለኩ። የሁለተኛው ልኬት ብልጫ 25 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በዚህ መጠን ላለ ሲሊንደር አንገቱ ቀዳዳው ውስጥ ገና አልገባም ማለት ነው። የምትሰሙት ጋሪው ከማሽኑ አካል ጋር ሲጋጭ ነው። መፍትሔው ማቆሚያውን ማንሳት ወይም ማያያዣውን ማስተካከል ነው፤ ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገውን ቀለበት) ብትቀይሩ ምንም አይለወጥም።

ልኬቱ እኩል ከሆነ ወደ ቼክ ቫልቩ እለፉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ በኳሱና በመቀመጫው መካከል የተሰነቀረች የብረት ብናኝ ትበቃለች። ካጸዳችሁት በኋላም ከመታ የፒስተኑን ሲል መርምሩ። ዘንጉን እስከ መጨረሻው አስወጡ፣ ፓምፑን አጥፍታችሁ ግፊቱን ልቀቁ፣ የፊተኛውን ቱቦ ፍቱና በቡሽ ድፈኑት፤ ከዚያ በሲሊንደሩ የኋላ አፍ በኩል ዝቅ ያለ ግፊት ስጡ። ከተከፈተው የሲሊንደሩ የፊት አፍ ዘይት ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ሲሉ አልቋል። እሱም ደህና ከሆነ የቀረው የአንገቱና የቀዳዳው መበላት ነው። በቀጭን ክፍተት የሚያልፈው ዘይት በክፍተቱ ኩብ ልክ ስለሚጨምር ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ 8 እጥፍ ይሆናል። አንገቱ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተፋቀ ሲሊንደሩ ወደ ጎን እየተገፋ ነውና፣ አዲስ አንገት በቶርኖ ከማሠራታችሁ በፊት የጋሪውን ሐዲድ አቅኑ።

አሁን ወደ ጭነቱ። በሰከንድ 0.3 ሜትር የሚሄድ 600 ኪሎ ጋሪ ጉልበቱ 27 ጁል ነው፤ በ25 ሚሊ ሜትር ውስጥ ለማቆም በአማካይ የ110 ኪሎ ክብደት ያህል ኃይል ይበቃል። ፓምፑ ግን በ100 ባር ፒስተኑን ከኋላ በ5 ቶን ይገፋል! የኩሽኑ ትልቁ ባላጋራ ጋሪው አይደለም፣ የራሳችሁ ፓምፕ ነው። አንገቱ 55 ሚሊ ሜትር ቢሆን የታፈነው ዘይት ይህን ሁሉ የሚመክተው በጠባብ ቀለበት ላይ ስለሆነ ግፊቱ ከ190 ባር ያልፋል። 100 ባር ላይ የተስተካከለው ሪሊፍ ቫልቭም (ግፊት ሲበዛ ዘይት የሚለቀው) አይደርስለትም፤ ዘይቱ ከእሱ ተቆርጧል። ስለዚህ ጋሪው ከመድረሱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ በስዊች ፍሰቱን መቀነስ ከቻላችሁ የኩሽኑ ዕድሜ ይረዝማል።

ከጥገናው በኋላ ኩሽኑን ስታስተካክሉት ዘይቱ የሥራ ሙቀቱ ላይ ይሁን። ቪጂ 46 የሚባለው የሃይድሮሊክ ዘይት በ60 ዲግሪ የሚኖረው ውፍረት በ40 ዲግሪ ከነበረው ግማሽ አይሞላም፤ ጠዋት በቀዝቃዛው የተስተካከለ ኩሽን ከሰዓት በኋላ ሊመታ ይችላል። ዳዶውን አላልታችሁ ብሎኑን ሳትጫኑ እስኪነካ ዝጉት፣ ግማሽ ዙር ክፈቱ፣ ጋሪውን በዝግታ አስኪዱ። ከዚያ ፍጥነቱን እየጨመራችሁ በሩብ ዙር፣ ወደ መጨረሻውም ከዚያ ባነሰ አስተካክሉ። ፒስተኑ ነጥሮ ከተመለሰ ወይም የመጨረሻዋን ሳንቲ ሜትር ከተንፏቀቀ በጣም ተዘግቷል።

ብሎኑን ግፊት እያለ ነቅላችሁ አታውጡ፤ አደራ። ተወንጭፎ ሊወጣ ይችላል፤ ቀጭን የዘይት ጨረርም ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም ሰውየው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ጥያቄ፦ የኤክስካቫተሬ የክንድ ሲሊንደር ሲሉ ከተቀየረ ወዲህ መጨረሻው ላይ ይመታል። ማስተካከያ ብሎን ግን የለውም።

መልስ፦ በአብዛኞቹ ኤክስካቫተሮች አይኖረውም፤ ሥራውን የሚሠራው በአንገቱና በቀዳዳው መካከል ያለው ክፍተት ነው። መጀመሪያ አየር ያስወጡ። ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አድርገው ሲሊንደሩን 4 ወይም 5 ጊዜ ያመላልሱት፣ ከመጨረሻው 100 ሚሊ ሜትር ሲቀረው እያቆሙ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብሎ እስከ ጫፍ የሚሄደው። አየር ሳይወጣ በኃይል ከሠራ አዲሱ ሲል ይቃጠላል።

ካልተሻለው ይፈታ። በብዙ ሲሊንደሮች አንገቱ በዘንጉ ላይ ትንሽ የሚንቀሳቀስ ቀለበት ነው፤ ራሱ እንደ ቼክ ቫልቭም ያገለግላል። አንዱ ገጹ የዘይት ማሳለፊያ ቦዮች አሉት፣ ሌላው ለስላሳ ነው። ተገልብጦ ከገባ ወይ አያለዝብም፣ ወይ ሲነሳ ይጎተታል። አቅጣጫውን ከፓርት መጽሐፉ ሥዕል ጋር ያስተያዩ፤ ጭራሽ ሳይገባ ቀርቶ እንደሆነም እዚያው ይታያል።

ጥያቄ፦ 600 ሚሊ ሜትር በ12 ሰከንድ ለሚሄድ የበር ሲሊንደር ኩሽን ያስፈልጋል?

መልስ፦ በሰከንድ 0.05 ሜትር ነው፤ በሩ በጣም ከባድ ካልሆነ አያስፈልገውም። ኩሽን የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ከ0.1 ሜትር በላይ ነው። ወደፊት ትልቅ ፓምፕ ለማድረግ ካሰቡ ግን ከአሁኑ ኩሽን ያለውን ይግዙ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚቆመው ጉልበት 4 እጥፍ ነው፤ ኩሽን በሌለው ክዳን ውስጥ ደግሞ በኋላ ለመጨመር አብዛኛውን ጊዜ ቦታ አይገኝም።